ገና ያልፈላ ውሃ

በሞሮኮ፣ በአትላስ ተራራ አናት ላይ የተወለደችው የባሱ ልጅ ቱዳ ከመንደሯ ሴቶች መካከል የከተማውን ትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጠች የመጀመሪያዋ ናት። አባቷ ባሱ በግ አርቢ ነው፤ አንዴ ከተናገረ ተናገረ። ሴቶች ተማሪዎች የሚያድሩበት ቤት ሊያደርሳት በቅሎው ላይ ሲያወጣት እንዲህ አላት፦

«ስሚ ልጄ። አንድ ወንድ ደጄ ድረስ መጥቶ ስላንቺ ስሞታ የተናገረ ቀን፣ ያን ቀን ትምህርትሽ አለቀ። ሁለተኛ አልናገርም።»

«እሺ አባዬ» አለች። ሌላ ምን ትበል? እሷ እንደሆነ ትምህርት ከምታጣ እህል ብታጣ ይሻላታል። ከተማ ገብታም አንገቷን ደፍታ ተማረች፤ ከማንም ጋር ክፉ ደግ ሳትነጋገር ከክፍሏ አንደኛ ወጣች።

የሳይንስ መምህሯ አብደልሃቅ ባሕር ጠረፍ ላይ ያለችው የካዛብላንካ ሰው ነው። ተራራውን ይጠላል፣ ብርዱን ይጠላል፣ ከሁሉም በላይ ተማሪዎቹን ይጠላል። አገሬ መልሱኝ ብሎ ማመልከቻ አስገብቶ መልሱን እየጠበቀ ነበር። እንደዚህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ልጆች አስተምር ብለው የላኩት!

አንድ የክረምት ጠዋት ተማሪዎቹ ከደጅ በረዶ በባልዲ አፍሰው ገቡ። ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ቴርሞሜትር ነው፤ ዓይኗ ንቁ ነውና አንባቢዋ ቱዳ ሆነች። በረዶው እየቀለጠ ሳለ ቀዩ መስመር ዜሮ ላይ ቆመ።

«ዜሮ፣ ኡስታዝ» አለችው መምህሯን።

«ጎሽ! አሁን ቡታጋዙ ላይ ጣዱት።»

ውሃው ሞቀ፣ ማጉረምረም ጀመረ፣ በመጨረሻም ተንፈቀፈቀ። እንፋሎቱ መስኮቱን ሸፈነው። ቀዩ መስመር ግን ዘጠና ሦስት ላይ ደርሶ ንቅንቅ አልል አለ።

«ዘጠና ሦስት፣ ኡስታዝ። ቆሟል።»

«ምን? ልጆች፣ ውሃ በስንት ነው የሚፈላው?»

«በመቶ!» አለ ክፍሉ በአንድ ድምፅ።

«ሰማሽ? ገና አልፈላም። ጠብቂ።»

ጠበቀች። ውሃው ጎድሎ ግማሽ ሆነ፤ መስመሩ ያው ነው።

«ያው ነው፣ ኡስታዝ።»

«አይ እናንተ! የተራራ ውሃም እንደ ሰዉ ሰነፍ ነው ለካ፤ መንገዱን ሳይጨርስ ቁጭ!»

ልጆቹ ሳቁ። በገዛ አገራቸው ሲቀለድ አብረው ይስቃሉ፣ የሞኝ ጥርቅም!

«መቶ ብለሽ ጻፊና ተቀመጪ» አላት።

«ኡስታዝ፣ እርስዎ መጥተው ይዩት እንጂ።»

ሦስት እርምጃ ተራምዶ ቢያይ ምን ነበረበት? ከወንበሩ አልተነሳም። ፊቱ ቀልቶ፣ «እኔን ውሸታም ልታደርጊኝ ነው? ዘጠና ሦስት ከሆነ አልፈላም። ያልፈላ ውሃ ደግሞ አይልጥም። እስቲ ጣትሽን ክተቺና አሳዪን!» አላት።

 ሌላ ልጅ ብትሆን አልቅሳ ትቀመጥ ነበር። ቱዳ ግን የአባቷ ልጅ ናት። ሌባ ጣቷን እስከ አንጓዋ ውሃው ውስጥ ከተተችው። አልጮኸችም። አውጥታ አሳየችው።

«ፈልቷል» አለች።

አብደልሃቅ ደነገጠ። የደነገጠው ግን ለጣቷ አይደለም። ነገሩ ከተሰማ ወደ ካዛብላንካ መመለሱ ቀረ ማለት ነው። ልጅቷ ለአባቷ ሳትነግር እሱ መቅደም አለበት። አንድም ቀን የተማሪ ወላጆች ቤት ረግጦ የማያውቅ ሰው፣ ጭነት መኪና ተሳፍሮ ባሱ ደጅ ድረስ ወጣ። የባሱን ዳቦ በቅቤ በላ፣ ሻዩን ጠጣ፣ ከዚያ አፉን ጠረገና፣ «ልጅዎ አልታዘዝ ብላ በፈላ ውሃ ስትጫወት ተቃጥላለች። ነገ የባሰ ብታደርግ እኔ የለሁበትም» አለው።

በማግስቱ ባሱ በቅሎውን ይዞ ወረደ። ቱዳ የተጠቀለለ ጣቷን እያሳየች ለመነችው።

«አባዬ፣ እሱ ነው ክተቺ ያለኝ! ልጆቹን ጠይቃቸው!»

«ደጄ ድረስ መጣ ወይስ አልመጣም?»

«መጣ፤ ግን እኮ...»

«በቃ። ውጪ።»

እንዲህ ሆኖ ቀረ። መምህሩ ካዛብላንካ ገባ። ቱዳም በረዶው ሳይቀልጥ መንገዱ ተራራውን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ ሻይ ቤት ላለው ሰው ተዳረች፤ እነሆ ከዚያ ወዲህ ከጠዋት እስከ ማታ ውሃ ታፈላለች። ጣቷ ጥፍር አላበቀለም፤ ጎብጦ ደርቋል።

ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ቀን በረዶ መንገዱን ዘጋና ከአውቶቡስ የወረዱ መንገደኞች ሻይ ቤቷን ሞሉት። ከመካከላቸው አንድ ሽበታም ሰው ብርጭቆውን ይዞ ለጎረቤቱ ያወራል። በድምፁ አወቀችው፤ አብደልሃቅ ነው።

«ይሄ ሻይ የፈላው በመቶ እንዳይመስልህ! ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃ ገና በዘጠና ሦስት ይፈላል። ካዛብላንካ ላሉት ተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነው፤ እዚሁ ሳስተምር በዓይኔ አይቼዋለሁ» ይላል።

በዓይኑ!

ልትቀዳለት ስትጎነበስ ቀና አለና ትኩር ብሎ አያት።

«አንቺ... ቱዳ አይደለሽም? ሰዎች፣ ተማሪዬ ነበረች! ምን ያለች ጎበዝ ነበረች መሰላችሁ! ምነው ልጄ፣ ትምህርቱን ለምን ተውሽው?»

እየዋሸ እንደሆነ ለማወቅ ፊቱን አየችው። እየዋሸ አልነበረም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባል የለ? ጭራሽ ረስቶታል። አባቷ ቤት መሄዱንም፣ ዳቦውን መብላቱንም ረስቶታል። እሷ ሌሊት ሌሊት ስትሰድበው የኖረችው ሰው እዚህ የለም።

«ጣትሽን ደግሞ ምን አገኘው?» አላት አዝኖ።

«ያልፈላ ውሃ ነው፣ ኡስታዝ።»

ቀልድ መሰለውና ከት ብሎ ሳቀ። ጎረቤቱም ሳቀ።

«አይ የተራራ ሰው! በይ እስቲ አንድ ድገሚኝ» አለና ብርጭቆውን ዘረጋላት።

ቀዳችለት።