ከዘፈኑ የወጣው ስም

ባለፈው ሰኞ ልጄ ከለቡ መብራት ኃይል ደወለችልኝ። ከጓደኞቿ ጋር የሠራችው ቴአትር በማግሥቱ ሊታይ ነው። «እማዬ፣ መጨረሻውን ዛሬ ቀየርነው» አለችና ሳቀች። እኔ ስልኩን እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። እሷ ምን ታድርግ፣ በደርግ ጊዜ እኔም በመጨረሻ ሰዓት ዘፈን ቀይሪ የተባልኩ ቀን የስድስት ወር ሕፃን ነበረች።

ያን ቀን ፍርሃት የገባኝ የቀበሌው ካድሬ አፉን ሳይከፍት ነው። ለአብዮት በዓል ልንዘፍን የቀበሌያችን የኪነት ቡድን አባላት ነፋስ ስልክ አዳራሽ ውስጥ ተሰልፈናል። ካድሬው ገባና ግድግዳው ላይ ከተሰቀሉት ፎቶዎች አንዱን አወረደ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ መሬት ላይ አስቀመጠው። የማን ፎቶ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሁለት ወር ሙሉ በልምምድ ስሙን እየጠራሁ ሳወድሰው የከረምኩት ባለሥልጣን ነው።

«ከዘፈኑ ይውጣ» አለ። «አብዮቱን ከድቷል።»

ለሌሎቹ ቀላል ነበር፤ እነሱ ተቀባዮች ናቸው። ስንኙን የማወጣው እኔ ነኝ። ስሙ ደግሞ ቤት መምቻው ነበር፤ እሱ ሲወጣ ስንኙ ይፈርሳል። ግጥሙን የጻፉት ልብስ ሰፊው ጋሽ በቀለ በሲጋራ ፓኮ ጀርባ ላይ አዲስ ስንኝ ጫር ጫር አድርገው ሰጡኝ። እኔ መሠረተ ትምህርት ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ፤ የገዛ ስሜን እንኳ በላብ ነው የምጽፈው። ዘፈን የምይዘው በጆሮዬ ነው። በጆሮ የገባ ደግሞ በላጲስ አይጠፋም።

«ጋሽ በቀለ፣ በቃልዎ ይንገሩኝ።»

አራት ጊዜ ነገሩኝ። በአራተኛውም ከአፌ የወጣው ያው የድሮው ስም ነው። ጋሽ በቀለ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩ።

«ልጄ፣ መድረክ ላይ እንዲህ ካልሽ ሁለታችንም አለቀልን።»

የተቀባዮቹ አለቃ ዘቢባ ጎረቤቴ ነበረች፤ ጉልት ላይ ሽንኩርት ትሸጣለች። ወደ ጥግ ሳበችኝ።

«አፍሽንማ አትመኚው፤ እንደ አህያ የለመደውን መንገድ ነው የሚሄደው። ጭንቅ ሲልሽ እኔን እዪኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«እኔ እንጃ። ብቻ እዪኝ።»

ዝናቡ አባርቶ ነበር። ከመንገዱ ማዶ የሚጠበሰው በቆሎ ሽታ በመስኮት ይገባል። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም። ልጄን ካጠባሁ ቆይቻለሁ፤ ጡቴ ግቶ ወተቱ ካኪ ሸሚዜን አርሶታል። እኔ ብቀር ማን ያጠባታል እያልኩ ሳለ ከበሮው ተመታ።

የመጀመሪያው ስንኝ በደህና ወጣ። ሁለተኛው ላይ «ጓድ» የሚለው ቃል ከአፌ አመለጠኝ። ተከታዩ ስም ምላሴ ላይ ቁጭ ብሏል፤ አዲሱ ስንኝ ጨርሶ ጠፍቶኛል። ዘቢባን አየኋት።

እልልታዋን ለቀቀችው። እልልታ መቼም ብቻውን አይቀርም፤ ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ተቀበሏት፣ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። በዚያ ዘመን ለአብዮት እልል ከተባለ ደግሞ ቀድሞ የሚያቆም ማን ነው? ሰው ሁሉ ጎረቤቱን በዓይኑ ጥግ እያየ ቀጠለ። ካድሬውም ግራ እጁን ጨብጦ አነሳ። ከበሮ መቺው ነገሩ ገብቶት ምቱን ወደ ሌላ ዘፈን አዞረው።

ከመድረክ ስንወርድ ካድሬው ቆሞ ጠበቀን።

«አዲሱን ስንኝ አልሰማሁትም።»

የመለሰችው ዘቢባ ናት።

«እልልታዬ ውጦት ነው፣ ጓድ። ለአብዮት እልል ማለት ቀረ እንዴ?»

ትክ ብሎ አያት። ቀጥሎ እርጥብ ሸሚዜን አየና ፊቱን አዞረ።

«ሂዱ» አለ።

ጭቃውን በአንድ እግር ጫማ ተሻገርኩት፤ ሌላው ኮንጎዬ የት እንደወለቀ አላውቅም። እናቴ ልጄን ታቅፋ በር ላይ ታባብላለች። ነጥቄያት ገባሁና መወርወሪያውን ዘግቼ አጠባኋት።

«ምን ሆነሽ ነው?» አለች እናቴ።

«ምንም። ገብቻለሁ።»

ዛሬ ሳስበው የሚቆረቁረኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ስሙ የወጣው ሰው የት እንደገባ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም። ሁለት ወር አወድሼው በአንድ ከሰዓት ስሙን እንደ እሳት ፈራሁት። እሱንም ቤት የሚጠብቀው ሰው ነበረው ይሆናል። እኔ ግን ይኸው አለሁ። ቤቴ ገብቻለሁ፤ ተርፌያለሁ።