የባሌ ወንድም የሚያውቀው ጉድጓድ

የባሌን ታላቅ ወንድም ንቄው ነው የኖርኩት። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንቱ ብዬው አላውቅም። ሲሞትም አላህ ይማረው ብያለሁ፣ ያውም ለአፍ ያህል።

መርሳ አገር ሳለን ነው። ባሌ ከቤታችን ደጅ፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ላይ፣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ልቆፍር ብሎ ተነሳ። እዚያው ደጅ ስር ደግሞ የሟች አባቱ የማሽላ ጉድጓድ አለ። አባትየው የባለርስቱ ሰዎች እንዳያዩባቸው አፉን ከድነው፣ አፈር መልሰው፣ ደጁን በሙሉ ድንጋይ አነጠፉበት። ቦታውንም ሳይናገሩ ሞቱ። ባዶ ጉድጓድ ላይ ቆሞ የሚቆፍር ሰው መሬቱ ይከዳዋል፤ በአገራችን እንዲህ ተቀብሮ የቀረ ሰው አለ።

እኔ ቦታውን አውቀው ነበር። በርበሬ የምወቅጠው ደጅ ነው፤ ከአጥሩ በር አጠገብ ሙቀጫዬን አስቀምጬ ስወቅጥ መሬቱ እንደ ከበሮ ይጮሃል። ለባሌ ነገርኩት። «አንቺ ደግሞ፣ የአባቴን ጉድጓድ በሙቀጫ ልታገኚው ነው?» ብሎ ሳቀብኝና ወንድሙን ከሚኖርበት ከግራና አስጠራ።

መጣ የተከበረው፣ በበቅሎ። ዶሮ ታረደለት፣ በላ፣ ከዚያ ደጁን በከዘራው እየነካካ ተንጎራደደ።

«አባባ እጄን ይዘው አሳይተውኛል» አለ። «ጉድጓዱ ከበረቱ ጀርባ ነው። እዚህ ስሩ አለት ነው፣ አይከዳህም፣ ቆፍር።»

የቆመው የት ነው ብትሉ፣ ከአጥሩ በር አጠገብ። አባትየው ለማንም ምንም አላሳዩም፤ እሱ ግን የበኩር ልጅ ሆኖ አላውቅም ማለት ሞት መሰለው። ለዚህች ክብሩ ሲል ወንድሙን ከነነፍሱ ሊቀብረው ነው።

ባሌ ዶማውን አነሳ። እኔም ሙቀጫዬን ተሸክሜ መጥቼ ከእግራቸው ስር አስቀመጥኩና በርበሬዬን መውቀጥ ጀመርኩ። ድው፣ ድው አለ መሬቱ።

«ወንድም ጋሼ፣ እስኪ ያዳምጡልኝ፣ አለቱ ይሄ ነው?» አልኩት። ከዘራውን ሰብስቦ ወደ ኋላ ሸሸ።

ንጣፉን አንስተው ክዳኑን ሲያገላብጡት የታፈነ ሽታ ወጣ። ተከፍቶ ሳይተነፍስ እንደማይገባበት በእኛ አገር በሀብሩ ሕፃን ልጅ ያውቃል። የእኛ አዋቂ ግን፣ ሐፍረቱን ሊሸፍን ነው መሰለኝ፣ «ግባና እየው እንጂ፣ የአባትህ ጉድጓድ ምን ያስፈራሃል?» ይለዋል። ያ ቂል ባሌም ጋቢውን መጣል ጀመረ። ክንዱን ይዤ ጎተትኩት። ኩራዝ ለኩሼ በገመድ አወረድኩ፤ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ አየር አጥቶ ድርግም አለ። ባሌ አመድ መሰለ። ቂልም ቢሆን ባሌ ነው፣ እወደዋለሁ።

ጎረቤት ሰምቶ እንኳን አላህ አተረፈህ ሊል መጣ። ባሌ መሃላቸው ተቀምጦ፣ «ወንድም ጋሼ ባይደርሱልኝ ኖሮ ዛሬ አፈር በልቶኝ ነበር» አላቸው። ያም ምን ቸገረው፣ «አባባ አሳይተውኝ ስለነበር ነው» ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

ባሌ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ ያየኝ እንደሆነ ብዬ በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ኋላ አየኝ።

«ምን ትቆሚያለሽ» አለኝ፣ «ውሃ አምጪ እንጂ፣ ወንድም ጋሼ እጃቸውን ይታጠቡ።»