መጥረጊያው የቀደመኝ ቤት

መድን ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሁለት አዲስ እስክሪብቶ ይዤ ነበር የገባሁት። የካሳ ክፍል ኃላፊው አቶ ዘውዱ እስክሪብቶዎቹን አዩና መሳቢያቸውን ከፍተው የአምስት ሜትር መለኪያ ሰጡኝ። «መጻፉን በኋላ ትደርሺበታለሽ» አሉኝ።

ሠላሳ አራት ዓመቴ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት በማታ ትምህርት ነው፤ ዲፕሎማውንም እንዲሁ። ቀን ቀን እዚሁ አዳማ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራ ነበር። ሰው ኮፒ ሊያስነሳ ያመጣውን ወረቀት ሁሉ ማንበብ አመሌ ነው፤ ውሉንም፣ መጥሪያውንም፣ የልደት ካርዱንም። ከሁሉም የሚጥመኝ የካሳ ማመልከቻ ነበር። መኪና ቤት ይገጫል፤ ከዚያ ባለቤቱ ያ ቤት ምን እንደነበረ በወረቀት መልሶ ሊገነባ ይታገላል። ብዙዎቹ ሲታገሉ ይሸነፉ ነበር፤ እኔም ማሽኑ ሥር ቆሜ እናደድ ነበር። ይህ ሥራ የእኔ ነው ያልኩት ያኔ ነው።

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ፣ ባጃጅ የገባበትን አንድ ኪዮስክ አይቼ እንድመጣ አቶ ዘውዱ ላኩኝ። አየሁና «የኪዮስኩ በር በጣም ተጎድቷል» ብዬ ጽፌ አቀረብኩ። አቶ ዘውዱ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀሉና «‹በጣም› ስንት ሴንቲሜትር ነው?» አሉኝ። ቢሮው በሙሉ ሳቀ። ተመልሼ ሄጄ ለካሁ። አርባ ሁለት ነበር።

ለአዲስ ገቢዎች ሥራውን ባጭሩ ላስረዳ። የጭነት መኪና የሰው ቤት ሲገጭ፣ ባለቤቱ ካሳ የሚጠይቀው መኪናው የሦስተኛ ወገን መድን ከገባበት ድርጅት ነው። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርትና ፕላን፣ ማለትም የአደጋው ቦታ ንድፍ፣ ያስፈልገዋል፤ የቤቱ ማስረጃም ያስፈልጋል። ከዚያ ገማቹ ሄዶ ያያል። ገማቿ እኔ ነኝ። የክፍላችን ሕግ ሦስት ቃል ናት፦ ያልታየ ጉዳት አይከፈልም።

ሥራ በጀመርኩ በሰባተኛ ዓመቴ ይህች ሕግ አንዲት ሴት ላይ ስትወድቅ አየሁ።

አዴ ጫልቱ ይባላሉ፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ እንደማለት ነው። ባለቤታቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጡ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ፤ ቤቱን በየእሑዱ ብሎኬት በብሎኬት ራሳቸው ሠርተውት፣ የፊቱን ክፍል ውሃ ሰማያዊ ቀብተውት ነው ያረፉት። ቅዳሜ ዕለት አሸዋ የጫነ ገልባጭ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን እምቢ ብሎት የቆርቆሮ አጥራቸውን ጥሶ ያን ክፍል መታው። አዴ ጫልቱ ገበያ ነበሩ፤ ሰው አልተነካም። ክረምቱ ግን አንድ ወር እንኳ አልቀረውም።

ሰኞ ጠዋት ስደርስ የማየው ነገር አልነበረም። ፍርስራሽ የለም፣ ስባሪ የለም። ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተረጭቶበታል። ጣሪያው በባሕር ዛፍ አጣና ተደግፏል፤ የግድግዳው ቦታ በሸራ ተሸፍኗል። ለማያውቅ ሰው ተጀምሮ ያላለቀ ቤት ነው የሚመስለው።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ጫልቱ» ብዬ ሰላም አልኳቸው። «ግድግዳው የት ሄደ?»

«ጎረቤቶቼ ይባረኩ፣ ልጄ፤ አንዲት ጠጠር አላስቀሩም» አሉ፣ ደስ ብሏቸው።

በእኛ አገር መከራ ሲመጣ ከፖሊስ በፊት የሚደርሰው ጎረቤት ነው፤ ጎረቤት ደግሞ ባዶ እጁን አይመጣም፤ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ነው። የሰው ፍርስራሽ ደጅ ላይ ሲያድር ማየት ነውር ነው። ገልባጩን ገፍተው አስወጡት፣ ጠረጉ፣ ደገፉ። ትራፊኩ የገበያ መንገድ ተዘጋግቶበት ዘግይቶ ሲደርስ ያገኘው የተጠማዘዘ ቆርቆሮ ብቻ ነው። ፕላኑ ላይም ያንኑ አሰፈረ፦ አጥር። ሾፌሩም የሰጠው ቃል «አጥር ነካሁ» የሚል ነው። የመኪናው ባለቤት ደግሞ ለቢሯችን በላከው ደብዳቤ ቤቱ ድሮም ግድግዳ አልነበረውም ብሏል።

ይህንን ሳነብላቸው አዴ ጫልቱ እጄን ይዘው ወደ ሸራው ወሰዱኝ። ከዚያ ሸራውን ገልጠው ወደ ውስጥ አሳዩኝ። አልጋቸው በአጣናዎቹ መካከል ተዘርግቷል። «እንግዲህ ባሌ ሃያ ዓመት እሑድ እሑድ ሲሠራ የኖረው ሸራ ነዋ» አሉ።

ያን ጊዜ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝን ጥያቄ ጠየቅሁ፦ ፍርስራሹን የት ጣላችሁት?

የዕድሩ ዳኛ አቶ መኮንን አንገታቸውን ቀና አድርገው መለሱልኝ። ጡረተኛ መምህር ናቸው፤ ጠረጋውን የመሩትም እሳቸው ነበሩ። አልጣልነውም አሉ። ባጃጅ አላሳልፍ ያለ ጉድጓድ መንደሩ መውጫ ላይ ነበር፤ በእሱ ሞላነው፣ መንገዱም ቀና።

መለኪያዬን ይዤ ሮጥኩ። ሮጥኩ ስል እውነቴን ነው፤ ስሮጥ ያየኝ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ጉድጓዱ አፈር ተደልድሎበታል። በጫማዬ ጫፍ ስጭረው ውሃ ሰማያዊ ብቅ አለ።

«ጋሽ መኮንን፣ ይቆፈር» አልኩ።

«ልጄ፣ ገና ከትናንት ወዲያ እኮ ነው የሞላነው።»

«አውቃለሁ። አካፋው የት ነው?»

ሰው ተሰበሰበ። ቅዳሜ የሞሉት ሰዎች ሰኞ እየሳቁም እያጉረመረሙም ቆፈሩት። አንዱ ባጃጅ ነጂ «ይህች መንገድ አልተፈቀደችልንም» ብሎ አመረረ። የወጣውን ሁሉ ጠፍጣፋው መሬት ላይ እንዲደረድሩልኝ ጠየቅሁ፤ ሙሉውን ብሎኬት ከሙሉ፣ ስባሪውን ከስባሪው ጋር። እዚህ ላይ ነው ያልጠበቅሁት የመጣው። እያንዳንዱ ሰው የተሸከመውን ያስታውሳል። «ይኼ የመስኮቱ ሥር ነው፤ እኔ ነኝ ያወጣሁት።» «የለም፣ የማዕዘኑ ነው፤ እግሬን የመታኝ ይኸው እሱ ነው።» የመስኮቱ ፍሬም ጠፋ። አንዲት ጎረቤት አቀርቅራ ሄደችና ይዛው ተመለሰች፤ የዶሮ ቤቷ በር አድርጋው ነበር። እንደዚያ ቀን የተሳቀበትን የጉዳት ግምገማ አላስታውስም።

እኩለ ቀን ላይ ግድግዳው መሬት ላይ ተኝቶ አለቀ። የአዴ ጫልቱ ባለቤት በየእሑዱ ያቆሙት ግድግዳ፣ ከነመስኮቱ ክፍተት፣ በጀርባው ተንጋሎ። ርዝመቱን ለካሁ፤ ሸራው ከሸፈነው ክፍተት ጋር እኩል ነው። አሥራ አንዱ ብሎኬት ላይ ቀይ የመኪና ቀለም ተፍቆበታል። ሳይፈርስ የቀረው የቤቱ ማዕዘን ላይም ቀይ ጭረት አለ፤ ከፍታውን ለካሁ፣ አንድ ሜትር። ሁሉንም ፎቶ አነሳሁ። እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ነው ያነሳሁት።

ከሰዓት በኋላ ፎቶዎቹን አቶ ዘውዱ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኳቸው። አንድ በአንድ አዩአቸው። ብሎኬት ከየትም ይመጣል፣ ቀይ መኪናም አገሩን ሞልቶታል አሉ። የፖሊሱ ወረቀት አጥር ስለሚል የአጥሩን ገምቼ ፋይሉን እንድዘጋ ነገሩኝ። ሁለት ቀን እንዲሰጡኝ ለመንኩ።

«የማን ተቀጣሪ እንደሆንሽ አትርሺ» አሉ።

«አልረሳሁም። ‹በጣም› ስንት ሴንቲሜትር ነው ያሉኝ ቀጣሪዎቼ ናቸው።»

መነጽራቸውን ወለወሉ። «አንድ ቀን» አሉ።

ገልባጩ ሻሸመኔ፣ በባለቤቱ ጋራዥ ውስጥ እንደቆመ ባለቤቱ በላከው ደብዳቤ ላይ ተጽፎ ነበር። ጋራዥ ያለ መኪና ደግሞ ይቀጠቀጣል፣ ይቀባል፤ እዚያም መጥረጊያ ሊቀድመኝ ነው። በነጋታው በመጀመሪያው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ። ጭኔ ላይ መጽሐፍ ዘርግቼ አንዲት ገጽ ሳልገልጥ አርሲ ነገሌን አለፍኩ።

ጋራዡ ስገባ ቀይዋ ገልባጭ ተገትራለች። ቀለም ቀቢው የብርጭቆ ወረቀት ይዞ የፊት መከላከያው ፓራውልት ሥር ቁጢጥ ብሏል፤ ግራ ጎኑን ፍቆ ጨርሶ ወደ ቀኙ እየዞረ ነበር።

«ወንድሜ፣ እባክህ እጅህን አንሳልኝ» አልኩት። መታወቂያዬን አሳየሁት።

«ሴትዮዋ ፓራውልት ልታገባ ነው እንዴ?» አለ ለጓደኞቹ። እጁን ግን አነሳ።

ቀኙ ላይ፣ ከቀይ ቀለሙ በላይ፣ የውሃ ሰማያዊ ጭረት ነበር። ክንድ ይረዝማል። የአዴ ጫልቱ አጥር ቀለም ያልነካው ቆርቆሮ ነው። ከአጥር ይህ ቀለም አይመጣም። ከመሬት ያለውን ከፍታ ለካሁ፤ አንድ ሜትር ከአራት ሴንቲሜትር። ለካሁ፣ ጻፍኩ፣ ደግሜ ለካሁ።

ከኋላዬ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ሾፌሩ ነበር፤ ሸበቶ፣ ነጠላ ጫማ ያደረገ። ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ሰምቶ ኖሯል።

«እህቴ» አለ፣ «ከመብራቱ ጀርባም እዪው።»

እጄን ሰደድኩ። የመብራቱ ቤት ውስጥ የተሰነቀረ የብሎኬት ስባሪ አለ፤ ቡጢ የሚያህል፣ አንድ ፊቱ ልስንና ውሃ ሰማያዊ። በምስክሮች ፊት ፎቶ አንስቼ ነቀልኩት።

ለምን አጥር ብቻ እንዳለ ጠየቅሁት። ባለቤቱ ከሥራ ያስወጣኛል ብዬ ፈርቼ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ ግን ያች ሴትዮ ዝናብ ሲመጣ የት ይገባሉ እያለ ሲያስብ መሰንበቱን ነገረኝ። ቃሉን ለፖሊስ ያስተካክል እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «ዛሬ ከሄድን ይሻላል፤ ነገ ልፈራ እችላለሁ» አለ። አብረን ወደ አዳማ ተመለስን፤ ሞጆ ስንደርስ ሙዝ ገዝቶ ጋበዘኝ።

በማግሥቱ አቶ ዘውዱ ሪፖርቴን ቃል በቃል አነበቡ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸውን አቆሙ። ከቤቱ ሳይፈርስ የቀረው ማዕዘን ላይ ያለው ቀይ ጭረት ከፍታው አንድ ሜትር ነው፤ ፓራውልቱ ላይ ያለው አንድ ሜትር ከአራት። አራት ሴንቲሜትሩን ምን አደረግሽው አሉኝ።

ይህን ጥያቄ ከሻሸመኔ ጀምሮ ስጠብቀው ነበር። «ጋራዥ የቆመው ባዶ መኪና ነው። ቅዳሜ አሸዋ ጭኖ ነበር፤ ሲጫን መኪናውን የተሸከመው የብረት ባሌስትራ ይረግባል፣ መኪናውም ዝቅ ይላል። የጋራዡ መካኒክ ይህንኑ የጻፈልኝ ወረቀት ከመጨረሻው ገጽ ጋር ተያይዟል» አልኳቸው።

ገልጠው አዩ። ከዚያ ሪፖርቱን ከላይ እስከ ታች እንደገና ቃኙት፤ የሚፈልጉትን አውቄያለሁ። «በጣም» የሚል ቃል የለበትም። ፈረሙ።

ፖሊስ በሾፌሩ አዲስ ቃል ሪፖርቱን አረመው። ካሳው ለግድግዳው፣ ለመስኮቱና ለጣሪያው ተከፈለ፤ የአጥሩም አልቀረ። ሾፌሩ ከዚያ መኪና ላይ ወረደ፤ በሁለተኛው ወር ሌላ መኪና ላይ ሥራ ማግኘቱን ሰማሁ። የአዴ ጫልቱ ግድግዳ ቆሞ ጣሪያው በተመታ በአምስተኛው ቀን ዝናቡ ጀመረ። ሊያሳዩኝ ጠሩኝ። ውሃ ሰማያዊ አስቀብተውታል። «በይ ለኪው» አሉኝ፤ ለካሁት፤ ከድሮው ሁለት ሴንቲሜትር ይረዝማል። ባላቸው ይህን ቢሰሙ እንደሚቀኑ ነገሩኝ።

ጉድጓዱን ዕድሩ እንደገና ሞላው። አቶ መኮንን አንድ ቀን ወደ ዕድሩ ዕቃ ቤት ወስደው ድንኳኑንና ወንበሮቹን አልፈው ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተሰቀለ ነገር አሳዩኝ። የአምስት ሜትር መለኪያ ነው። ከአካፋዎቹ በፊት እንዲገኝ ከላይ ሰቅለውታል።

ከዚህ ሁሉ ዓመት የማስተላልፈው ይህን ነው። መኪና ቤት ሲገጭ መጀመሪያ ሰው አውጡ። ቀጥሎ ፎቶ አንሱ፣ ለኩ፣ ትራፊኩ አይቶ ፕላን እስኪያነሳ ጠብቁ። መጥረጊያ የመጨረሻ ነው።