የጎተራው ሙሉ ግድግዳ

ቨርሊን ኩቼራ መጀመሪያ ሲባጎውን ሰማያዊ ጠመኔ ያሸዋል። አንዱን ጫፍ ከጎተራው ማዕዘን በምስማር ያስራል፤ ሌላውን ሚስቱ አርዲስ ወጥራ ትይዝለታለች። መሐሉን ሳብ አድርጎ ሲለቀው፣ ጧ! ጣውላው ላይ ቀጥ ያለ መስመር ይቀራል። ከዚያ በመርፌ የተበሳሳውን የፊደል ወረቀት ይለጥፍና የከሰል ብናኝ በሞላው የጨርቅ ከረጢት መታ መታ ያደርገዋል። ወረቀቱ ሲነሳ ጥቋቁር ነጠብጣቦች ፊደል ሠርተው ይወጣሉ። ክንዱን በዱላ ላይ አሳርፎ ብሩሹን ከላይ ወደ ታች አንዴ ይስባል። አይደግምም። ፊደሉ የክንድ ቁመት አለው።

አርዲስ ይህን ያየችው ከሠርጓ ጀምሮ ነው። ዛሬም ቀና ብላ ስታይ አፏ ይከፈታል።

በዚያ የነብራስካ አውራ ጎዳና የሚያልፍ ሁሉ ምርጫ መድረሱን የሚያውቀው በዚህ ጎተራ ነው። ቨርሊን የለየለት ሪፐብሊካን ነው። ሊበራሎችን «በሰው ኪስ ቸሮች» ይላቸዋል፤ ላም አልበው የማያውቁ ሰዎች ለወተት ሕግ ማውጣታቸው ያንገበግበዋል። ዘንድሮ የጻፈው ስለ ዴሞክራቷ የምክር ቤት እጩ ስለ ሮክሳን ሴድላክ ነበር፦ «ትምህርት ቤታችንን ዘጋች። አሁን ደግሞ ለጉድጓድ ውኃችን ከዋና ከተማ ፈቃድ ጠይቁ ትላለች።»

ሮክሳን ግን የቨርሊን ከብቶችም ሐኪም ናት። ጥጆቹን ልትከትብ መጣች፣ ከተበች፣ እጇን ታጠበች።

«እኔ እኮ በትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ትምህርት ቤቱ አይዘጋ ብዬ ነው እጄን ያወጣሁት» አለችው። «የዘጋው የባሌ አጎት ነው። የእናንተው ሰው።»

የአካባቢው ሬዲዮ የቦርዱን ድምፅ ሲያነብ የሚጠራው የቤተሰብ ስም ብቻ ነው፤ በዚያ አገር ደግሞ ከአጥር እስከ አጥር ሴድላክ ነው። ቨርሊን «ሴድላክ» ሲባል ሰማ፤ ዴሞክራቷ ናት ብሎ ደመደመ።

«የውኃውስ ነገር?» አለ፣ ጆሮው ቀልቶ።

«እሱ እውነት ነው። ዛሬም እለዋለሁ።»

«እንግዲያው እሱ አይነካም፣ ዶክተር።»

«ማን ይንኩት አለዎት?»

ወሬው የካውንቲው የሪፐብሊካን ፓርቲ ሊቀመንበር ጌይለን ዘንድ ሲደርስ ሰውየው እየበረረ መጣ። እሱና ቨርሊን ከልጅነታቸው ጀምሮ በጌይለን ጀልባ አብረው ዓሣ ያጠምዳሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ አበድክ? ምርጫው ደጃፋችን ቆሟል! ሲያልፍ ታስተካክለዋለህ።»

«ካለፈ በኋላ ማን ያነበዋል?»

«እነሱ ቢሆኑ ላንተ ያስተካክሉልህ ነበር?»

«አያስተካክሉም። ለዚህ አይደል የምቃወማቸው! በሰው ኪስ ቸር ናቸው እያልኩ፣ እኔ እሷን በሰው ጥፋት ልክሰስ?»

«አርዲስ፣ እባክሽ አንድ ነገር በይው!»

«እኔ ሲባጎ ያዥ ነኝ» አለች አርዲስ።

«ወንበሩን ካጣን ያጣነው ባንተ ብሩሽ ነው። ጀልባዬንም እርሳት!» ብሎ የመኪናውን በር አላትሞ ሄደ። ቨርሊን አቧራው እስኪጠፋ አየው። ሌላ ጓደኛ እንደሌለው አርዲስ ታውቃለች።

በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ መሰላሉን አቆመ። የመጀመሪያውን መስመር በነጭ ቀለም ደመሰሰና በቦታው ጻፈ፦ «ትምህርት ቤቱን የዘጋችው እሷ አይደለችም። የኛው ሰው ነው። ተሳስቻለሁ። ቨርሊን ኩቼራ።» የውኃው ክስ እንዳለ ቀረ። ከሥሩ ጨመረበት፦ «አሁንም አትምረጧት።»

የእህል መኪኖች ፍጥነታቸውን ቀነሱ። አንዱ ሹፌር ክላክስ ነፋ፤ አንዱ ባርኔጣውን አወለቀ። አርዲስ ሲባጎውን እንደያዘች፣ መሰላል ጫፍ ላይ ያለውን ባሏን ቀና ብላ አየችው። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር ይህን ያህል ረጅም መሆኑን አላወቀችም ነበር።

ሲመሽ ፎቶው ከስልክ ስልክ ይዞር ጀመር። የሮክሳን ደጋፊዎች የግድግዳውን የላይኛውን ግማሽ ብቻ ላኩ፤ የጌይለን ሰዎች የታችኛውን ግማሽ ብቻ። ቨርሊን በአርዲስ ስልክ ሁለቱንም አየ። ጠዋት እንደገና ሲባጎውን ጠመኔ አሸው።

ከግድግዳው ግርጌ፣ ለማንበብ ከመኪና መውረድ በሚያሻ አነስተኛ ፊደል፣ እንዲህ ተጽፏል፦

«ይህን የምታነብ፣ ወዳጅም ሁን ባላንጣ፣ እባክህ ፎቶ ስታነሳ ግድግዳውን ሙሉውን አንሳ።»