የታመመው አንገቴ መስሏቸው ነበር

መጀመሪያ ያመመኝ ራሴን ነው። ማሽላ ከተዘራ ጥቂት ቀን ሆኖታል፤ ዝናቡ አንድ ቀን ጥሎ ጠፍቷል፤ ሙቀቱ ግን አልለቀቀንም። ከቀርከሃው ጫካ ወደ ቤት ስመለስ ግንባሬን ከውስጥ የሚገፋ ነገር ተሰማኝ። ፀሐይ ነው ብዬ ተውኩት። እራት አስጠላኝ። በማግስቱ አንገቴ ደርቆ አገጬን ወደ ደረቴ ዝቅ ማድረግ አቃተኝ።

ያኔ ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ቢሆን ነው። በአሶሳ ዙሪያ ትግል የሚገጥም ልጅ ሁሉ ያውቀኝ ነበር። ሰው ስለ እኔ ሲያወራ ስለ ወገቤና ስለ ክንዴ ነው የሚያወራው። እኔ ግን፣ እንቅጩን ልናገርና፣ የምታገለው ስለማሸንፍ ብቻ ነበር። ልቤ ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንገተ ረጅም ቅል መርጬ እተክላለሁ፤ ሲደርቅ እቆርጠዋለሁ፤ አንዱን በሌላው አፍ ሰክቼ በቀርከሃ ልጥ አስረዋለሁ። መለከት መሥራትና መንፋት ሱስ ሆኖብኝ ነበር። የእኛ የበርታዎች የቅል መለከት እያንዳንዱ ያለው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ አሥር አሥራ ሁለት ሰው ተሰልፎ ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው ዜማ የሚወጣው። አንዱ ከቀረ ዜማው ጥርሱ እንደ ወለቀ አፍ ይሆናል። በዚያ ዓመት የእናቴ ወንድም አጎቴ አደም፣ የመለከቶቹ ጠባቂ፣ ከሰልፉ የመጨረሻዋን ትንሿን መለከት ሰጠኝ። በአዝመራው ጊዜ ካላሳፈርኩት ቦታው የእኔ ይሆናል።

ሕጋችን ግን ጥብቅ ነው። ማሽላ ከተዘራ ጀምሮ እስኪደርስ ድረስ መለከት አይነፋም፤ ሁሉም በጠባቂው ቤት ይቀመጣል። እኔ የራሴን ሳልመልስ አስቀርቼ ቀርከሃ ውስጥ ተደብቄ ነፋኋት። ራሴን ያመመኝ በዚያው ቀን ነው። ታዲያ ምን ልበል? ቅጣት ነው አልኩ። ብናገር ቦታዬን ስለምነጠቅ ዝም አልኩ።

እናቴ አንገቴን አይታ ደነገጠች። "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ማነው እንዲህ ያደረገህ?"

"ትግል ላይ ነው" አልኳት። ዋሸሁ።

አጎቴም "ትግል የያዘ ሰው አንገቱ ቢደርቅ ምን ይገርማል? ይታሽ፣ ይለቀዋል" አለ። በሰሊጥ ዘይት አሹኝ። አጎቴ ራሴን ይዞ ጎተተኝ። ጮህኩ። ያን የሚያህል ልጅ ይጮሃል እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ይምታታብኛል። ብርሃን ዓይኔን ወጋኝ። አስመለሰኝ። እናቴን አላወቅኋትም አሉ። ሦስት ቀን ይሁን ስድስት ቀን አላውቅም። ፈቂው፣ የመንደራችን የቁርኣን መምህር፣ በሰሌዳ የጻፈውን በውኃ አጥቦ አጠጣኝ። አንገቴን ዳሰሰና "ይህ የትግል አይደለም፤ እጃችሁን አንሱለት" አለ። በጆሮዬ የሰማሁት የመጨረሻው ቃል ይህ ይመስለኛል። ይመስለኛል እንጂ እርግጠኛ አይደለሁም።

አንድ ጠዋት ነቃሁ። ትኩሳቱ የለም። በበሩ በኩል ዝናብ ሲወርድ አየሁ። ድምፅ የለውም። የእናቴ አፍ ይንቀሳቀሳል። ምን ሆነሽ ነው የምታንሾካሽኪው ብዬ ተቆጣኋት። ቁጣዬንም አልሰማሁትም።

ማገገሙ ክረምቱን ሙሉ ወሰደ። ስነሣ መሬቱ ይዞርብኝ ስለነበር፣ በእናቴ ትከሻ ተደግፌ፣ ዓይኔን ከበሩ ምሰሶ ላይ ሳልነቅል፣ እንደ ሕፃን መራመድን እንደገና ተማርኩ። ሊጠይቀኝ የመጣ ሁሉ ክንዴን ጨብጦ በምልክት መቼ ወደ ትግሉ እንደምመለስ ይጠይቀኛል፤ ስለ መለከቷ የጠየቀኝ አንድም ሰው የለም፤ እኔም የጥፋቱ ባለቤት ሆኜ በምን አፌ ላንሣው? ማሽላው ሲደርስ ግን አጎቴ መለከቶቹን አውጥቶ ሲያጸዳ አየሁ። አላስቻለኝም። የደበቅኋትን ይዤ ሄድኩና ከፊቱ ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኩት። መንገደኛ ሁሉ ዞሮ ስላየኝ እየጮህኩ እንደምናገር ገመትኩ።

 አጎቴ ወደ አንገቴ ጠቆመ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ አሳየኝና አለቀሰ። ለካ እሱም ያደነቆርኩት እኔ ነኝ እያለ ነው የከረመው።

ከደነቆርኩ በኋላ ፊደል ያስቆጠረኝ ከመተከል በኩል የሚመጣ አንድ ነጋዴ ነው። ካረጀሁ በኋላ ክሊኒክ ሄጄ ታሪኬን ለድሬሰሩ ነገርኩት። ወረቀት ስቦ ጻፈልኝ፦ "አባባ፣ የእርስዎ ሕመም ማጅራት ገትር ነው፤ ሜኒንጃይትስ ይባላል። መለከቱም መታሸቱም አላደነቆረዎትም።" ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስ ልሰኝ ልዘን ግራ ገባኝ፤ አጎቴ ይህን ሳያውቅ ሞቷል።

ይህን የምታነቡ የታመመ ልጅ ያላችሁ ሁሉ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የአንገት መድረቅ አብረው ከመጡ አትሹት፤ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ውሰዱት፤ ዛሬ መድኃኒት አለው። ልጁን ምን አጠፋህ ብላችሁም አታስጨንቁት፤ የሚፈራ ልጅ ሕመሙን ይደብቃል። ጆሮው ከጠፋም ፊት ለፊቱ ቆማችሁ አናግሩት፤ ምን እንደሚወድ ደግሞ ጠይቁት፤ እናንተ የምታደንቁለትን ብቻ አታስታውሱት።

እናቴንና ፈቂውን አላህ ይስጥልኝ። አጎቴን የማመሰግነው ግን በዚያ አዝመራ ስላደረገልኝ ነው። መለከቷን መልሶ ሰጥቶኝ ከሰልፉ ጫፍ አቆመኝ። ነፊዎቹ በትከሻቸው ላይ በቀንድ የሚመቱት እንጨት አላቸው፤ የእኔን እሱ ራሱ መታልኝ። ምቱ በአጥንቴ ገብቶ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። እየቆጠርኩ፣ ከጎኔ ያለው ሰው ጉንጩ ሲነፋ አይቼ ነፋሁ። ስንጨርስ ሁሉም አቀፈኝ፣ ሁሉም ጎበዝ እያለ ራሱን ነቀነቀልኝ። አላመንኳቸውም። ወደ አጎቴ ዞሬ "ልክ ነበርኩ?" አልኩት። የለም ብሎ ራሱን ወዘወዘ። ሁለት ጣት አሳየኝ፤ በሁለት ምት ዘግይቻለሁ። ከዚያ ክንዴን ይዞ ወደ ቦታዬ መለሰኝና ቀንዱን አነሣ።