የምርቃቱ ቃለ ጉባኤ

አሜሪካ ከተማችን መካነ ሰላም የገባችው በአጎቴ ዱዓ በኩል ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። ከዚያ በፊት ስሟን የምናውቀው እኛ ተማሪዎች ብቻ ነበርን፤ ያውም ከካርታ ላይ። በረሃቡ ዓመት ግን ስንዴዋ በጭነት መኪና ተጭኖ ከደሴ መጣ። ረሃቡ እኛ ደጋ ላይ እንደ ቆላው አልጨከነም ይባላል። እኔ ግን ጎረቤቶቻችን ለዘር ያስቀመጡትን ገብስ ቆልተው ሲበሉ አይቻለሁ፤ ከቆላ የመጡ ሰዎችም ገበያው ዳር ወድቀው አይቻለሁ። ስንዴው ሲደርስ ታዲያ ማን ላከው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። የጠየቁት አጎቴ ብቻ ናቸው።

አጎቴ ሰው ሁሉ ሼህ የሚላቸው፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። እናቴ አባቴን ስታገባ ተጠምቃ ክርስቲያን ሆነች፤ እሳቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ መንደር ለልጆች ቁርአን እያቀሩ በእስልምናቸው ኖሩ። ይህ በእኛ አገር ማንንም አያስደንቅም። በፋሲካ ለእሳቸው የሚሆነውን በግ እስላም ጎረቤታችን ያርደው ነበር። ዝናብ ሲጠፋ፣ ሰው ሲታመም፣ ልጅ ሩቅ መንገድ ሲሄድ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም እሳቸው ደጅ ዱዓ ይቀመጣል፤ መዳፉን ዘርግቶ አሚን ይላል።

ለዱዓቸው የማያጥፉት አንድ ሥርዓት ነበራቸው። እህሉን የቀመሱለት ሰው ከምርቃታቸው አይወጣም። በክፉ ቀን አንድ ቁና ገብስ የሰጣቸው ሁሉ፣ ቢሞትም፣ ቢጣላቸውም፣ ተራው ሲደርስ ይጠራል። ዝርዝሩ ከመርዘሙ የተነሳ እኛ ልጆች እጃችን እየዛለ ወደ ጉልበታችን ይወርድ ነበር። ስንዴው የማን እንደሆነ ከተረዱ በኋላ በመጀመሪያው ዱዓ ላይ፣ ከአንድ የሞቱ የወፍጮ ባለቤት ቀጥለው፣ «ስንዴ የላከችልንን አሜሪካን አላህ ያክብርልን» አሉ። ሰው ሁሉ አሚን አለ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት ባልቴት፣ አሜሪካ የተባሉት ሴትዮ የማን ዘር እንደሆኑ በጆሮዬ ጠየቁኝ።

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት መምህራችን ሰሌዳ ላይ የጻፈውን የምስጋና ደብዳቤ ሁላችንም ገለበጥን። ጽሕፈቴ ስለሚያምር ይላክ ተብሎ የተመረጠው የእኔ ነበር። መላኩን እንጃ።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። ንጉሡ ወረዱ፣ መሬት ለአራሹ ተባለ፣ ከተማው በቀበሌ ተደራጀ። እኔም ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ በዚያው ቆንጆ ጽሕፈቴ የቀበሌው ጸሐፊ ሆንኩ። ሥራዬ ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው። ስብሰባ ሲከፈት ያለፈው ቃለ ጉባኤ ይነበባል፤ ተሰብሳቢው «እንዲህ ነበር?» ተብሎ ይጠየቃል፤ እጁን ያወጣል፤ ይጸድቃል፤ ግልባጩ ደሴ ይሄዳል። እጅ ከወጣበት በኋላ በወረቀቱ ላይ ያለው ነገር እውነት ሆነ ማለት ነው። እኔ ይህን ሥርዓት እወደው ነበር። በዚያ ሁሉ ግርግር ውስጥ የተደረገው ነገር ቢያንስ በእኔ መዝገብ ላይ ቦታ ቦታውን ይዞ ይቀመጥ ነበርና ነው።

ግን መዝገቡም ግራ ይጋባ ጀመር። ፊተኞቹ ገጾች ላይ አሜሪካ «ረድኤት ሰጪ አገር» ናት። ጥቂት ገጾች አልፎ ስሟ ጠፋ። ቀጥሎ «ኢምፔሪያሊስት» ሆና ተመለሰች፤ እኔም ከእያንዳንዱ ቃለ ጉባኤ ግርጌ «ይውደም» ብዬ እንድጽፍ ታዘዝኩ። ጻፍኩ። ያው የምስጋናውን ደብዳቤ የጻፈው እጅ ነው። ልቤ ከየትኛው ጋር እንደሆነ ብትጠይቁኝ አላውቀውም፤ ማንም ደግሞ አልጠየቀኝም።

ከደሴ የተላከልን ካድሬ የዚሁ የወሎ፣ የወግዲ ልጅ ነው፤ ወጣት፣ ንግግሩ ፈጣን፣ ክፉ ሰው ነው ለማለት የማልደፍረው። ሶማሌ አገራችንን ወረረች የተባለ ጊዜ አዳራሹን ሞልተን ነገሩን ሲያብራራልን፣ አንድ አዛውንት ገበሬ ተነሱ።

«ልጄ፣ ሶማሌን ያስታጠቀው ማን ነው?» አሉ።

«ቀድሞ ሶቭየት ኅብረት ነበረች።»

«እኛንስ አሁን የሚያስታጥቀን?»

«ሶቭየት ኅብረት።»

«ፊት እኛን ያስታጥቀን የነበረውስ?»

«አሜሪካ።»

«እሷስ ወዴት ዞረች?»

«ወደ ሶማሌ እያጋደለች ነው፣ አባት።»

አዛውንቱ ሊቀመጡ ጎንበስ ብለው እንደገና ቀና አሉ። «ቦታ ተለዋወጡ በለኛ። ታዲያ እነሱ ሲለዋወጡ እኛና ሶማሌ ምነው ባለንበት ቀረን?»

ካድሬው ወደ እኔ ዞሮ «ጥያቄው ይመዝገብ» አለ። መዘገብኩት። መልስ ብዬ ከሥሩ አንድ መስመር ክፍት ተውኩለት፤ እስከ መጨረሻው ክፍት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የሚሊሻ ምልመላ መጣ። ወንድሜ ተመለመለ። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልተከራከረችም፤ «ወንድሜ ዱዓ ሳያደርጉለት ልጄ መኪና ላይ አይወጣም» ብላ ቁርጡን ተናገረች። የሌሎቹም እናቶች እንደዚያው አሉ። ካድሬው በምርቃት ያምን እንደሆነ እንጃ፤ የወሎን እናት ግን ያውቃታል። ስለዚህ ሼሁ ይጠሩ፣ ዘማቾቹን ይመርቁ፣ የስብሰባው አካል ሆኖ ይመዝገብ አለ።

ከቀበሌው ፊት ለፊት ሜዳው ላይ ተሰበሰብን። መኪናው ሞተሩን አሙቆ ቆሟል። አጎቴ ጋቢያቸውን አስተካክለው መዳፋቸውን ዘረጉ። «ያ ረቢ፣ እነዚህን ልጆች በሄዱበት እግራቸው መልሳቸው። እናቶቻቸውን አታስለቅስ። የሶማሌንም እናት አታስለቅስ» አሉ። አሚን ተባለ። ከዚያ ዝርዝሩን ጀመሩ፤ የወፍጮውን ባለቤት ጠሩና ቀጠሉ። እኔ ምን እንደሚመጣ አወቅኩ። «ስንዴ የላከችልንን አሜሪካን አክብርልን። ለልጆቻችን ጠመንጃ የላከችውንም ሩሲያን አክብርልን። ተጣልተዋል አሉ፤ አንተው አስማማቸው።»

ሜዳው ሙሉ አሚን አለ። ካድሬውም መዳፉን ዘርግቶ አሚን አለ። ከሕፃንነቱ የለመደው ነውና አፉ ቀድሞት ሄደ። ከዚያ የገዛ እጆቹን አየና ወደ ኪሱ ከተታቸው።

ወንድሜ የእናቴን ጉልበት ስሞ መኪናው ላይ ወጣ። አቧራው ሲበርድ ካድሬው አጠገቤ መጥቶ፣ ፊቴን ሳያይ፣ «ቃለ ጉባኤውን በትክክል ጻፊ። ደሴ ይፈለጋል» አለኝና ሄደ።

በትክክል ማለት ምን ማለት ነው? ያን ቀን ከሰዓቱን በሙሉ ባዶ ወረቀት ላይ አፍጥጬ ዋልኩ። አሜሪካን መርቀዋል ብዬ ብጽፍ አጎቴ እንደሚወሰዱ አውቃለሁ። በዚያ ጊዜ የንጉሡን ፎቶግራፍ ከግድግዳ ሳያወርድ የቀረ ልብስ ሰፊ ተወስዶ ነበር፤ የት እንዳደረሱትም አልታወቀ። ካድሬው እንድጽፍ ነው ወይስ እንድተው የፈለገው? ከጻፍኩ የእሱም አሚን አብሮ ይጻፋል። ከተውኩ ደግሞ የሰማው ሰው ብዙ ነው። በስተመጨረሻ ብዕሬን አንስቼ «ሼሁ ለዘማቾች ድልን ተመኝተው፣ ኢምፔሪያሊዝም እንዲወድም መርቀዋል» ብዬ ጻፍኩ። እንዲወድም መመረቅ ምን ዓይነት ምርቃት እንደሆነ ራሴም አላውቅም። ካድሬው አንብቦ ፈረመ። እኔ አጎቴን አዳንኳቸው ብዬ እፎይ አልኩ፤ እንዲያውም ትንሽ ኮራሁ።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አጎቴ ይመጣሉ ብዬ አልጠበቅኩም። ስብሰባ አይወዱም። ያን ቀን ግን መጥተው በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል። ቃለ ጉባኤውን ማንበብ ጀመርኩ። እሳቸውን የሚመለከተውን ቦታ ቀና ሳልል ፈጥኜ አንብቤ ጨረስኩት። «እንዲህ ነበር?» አለ ካድሬው። እጆች ወጡ። ሁሉም ሜዳው ላይ ነበሩ፣ ሁሉም ሰምተዋል፣ ሁሉም እጃቸውን አወጡ። የአጎቴ ብቻ ጉልበታቸው ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

«ሼህ፣ እርስዎስ? የራስዎ ቃል እኮ ነው» አለ ካድሬው።

አጎቴ እኔን አዩኝ። «ይህን የጻፈው ማን ነው?» አሉ።

«ጸሐፊዋ ናት።»

«ስህተት ቢገኝበትስ ተጠያቂው ማን ነው?»

ካድሬው መልስ ከመስጠቱ በፊት አዳራሹን ዞር ዞር ብሎ አየ። «እሷው ናት» አለ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «የአብዮቱን ሰነድ ያጣመመ ጸሐፊ ቅጣቱ ቀላል አይደለም።»

አጎቴ ቀኝ እጃቸውን አወጡ። ወዲያው አላወረዱትም። ተቆጥሮ፣ ጸደቀ ተብሎ፣ ሌላው ሰው ሁሉ አውርዶ እንኳ የእሳቸው እጅ ላይ ነበር። በሕይወታቸው ውሸት ሲናገሩ ሰምቻቸው የማላውቅ ሰው ናቸው።

ስብሰባው ሲበተን መንገድ ላይ ተከትዬ ደረስኩባቸው። «አጎቴ፣ ለአንቱ ብዬ ነው» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። እኔም ላንቺ ብዬ ነው» አሉ። ትንሽ አብረን ከሄድን በኋላ ደግሞ፣ «ለማንም እንዳትናገሪው። ወሬው አንዴ ከወጣ የሚይዙት አንቺን ነው» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ዱዓ መምራት ተዉ። በሐሰት የመሰከረ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ ለሌላው ሊለምን አይገባውም የሚል እምነት ነበራቸው። ሰው ቢጠራቸው ይመጣሉ፤ ግን ከዳር ይቀመጣሉ፤ ሌላው ሲመርቅ አሚን ይላሉ። ሰዉ እርጅና ነው አለ፤ አንዳንዱም ፈርተው ነው አለ።

ወንድሜ ከዓመት በኋላ ተመለሰ። አንድ እግሩን ትንሽ ይጎትታል እንጂ ደህና ነው። እናቴ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች፤ ያላትን ሁሉ ደግሳ መንደሩን ጠራችና፣ እኔን አስከትላ አጎቴ ቤት ሄደች። ልጄን በሄደበት እግሩ ያስመለሰው የአንቱ አፍ ነው፣ የምስጋናውንም ዱዓ የሚመሩት አንቱ ነዎት አለቻቸው።

«እመጣለሁ፤ ከዳር ተቀምጬ አሚን እላለሁ። የሚመራ ግን ሌላ ሰው ፈልጊ» አሉ።

«ለምን?»

«አልበቃም፣ እቴ።»

እናቴ የሰማችውን አላመነችም። ያን ጊዜ ካድሬዎቹ የዱዓውን ስብሰባ በክፉ ዓይን ማየት ጀምረው ነበርና፣ ምክንያቱ እሱ መሰላት። በዕድሜዋ ሙሉ አንቱ የምትላቸውን ወንድሟን፣ «ልጄ ወደ ሞት ሲሄድ መረቅህ፤ በሕይወት ሲመለስ ፈራህ?» አለቻቸው። አጎቴ መሬት መሬቱን አዩ። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር እዚያው ያልቅ ነበር። አጎቴ ቀና ብለው አዩኝና ራሳቸውን በትንሹ ነቀነቁ። አትናገሪ ማለታቸው ነው ብዬ ወሰድኩት። እንደዚያ መውሰዱ ለእኔ ይመቸኝ ነበር።

እናቴ ከዚያ ወዲያ እሳቸው ቤት አልረገጠችም። ዓመታት አለፉ፤ ያ ካድሬ ወደ ሌላ አውራጃ ተዛውሮ ሄደ፤ ሁለተኛው ረሃብ መጣ። ስንዴው አሁንም የአሜሪካ ነው ተባለ፣ በየቦታው የሚያመላልሰው ደግሞ የሩሲያ አውሮፕላን ነው ተባለ፤ ስንዴው በተከመረበት መጋዘን ግድግዳ ላይ «ይውደም» የሚለው ቀለም ገና አልለቀቀም ነበር። የሁለቱን ጠብ እኔ ያን ጊዜም አልገባኝም፤ አሁን ጠቡ በረደ በሚባልበት ዘመንም፣ ስለ ምን እንደነበር የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። የገባኝ የእኛ ቤት ጠብ ነው። እሱን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ዘመን ተለውጦ፣ ቀበሌውም መዝገቡም ከተቃጠለ በኋላ፣ የሚይዘኝ ሰው ሳይኖር እንኳ አልተናገርኩም። ዛሬ ነገ ስል እናቴ ታመመች። አጎቴ ሊጠይቋት መጥተው ከደጅ ቆሙ፤ አታስገቡት አለች። በመጨረሻዋ ሳምንት ስለ ወንድሟ አንድ ጊዜ አነሳችና፣ «ደግ ሰው ነበር፤ ፍርሃት አበላሸው» አለችኝ። እኔም ራሷን ደግፌ ውሃ አጠጣኋትና «ይሆናል» አልኳት።