ሳናውቅ ያደምንበት ሁዳዴ

ዛሬ ሥራ ላይ የተጎዳ ሰው ሕግ አለለት ሲሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። በጠላት ጊዜ፣ እኛ ካዛንቺስ ላይ ለጣሊያን ሹማምንት የድንጋይ ቤት ስንሠራ፣ መብት የሚባል ነገር መኖሩን የነገረን አልነበረም። ሰብሰብ ብሎ አቤት ማለት ራሱ ያሳስር ነበር።

አብሮን ድንጋይ የሚሸከም አንድ የቂርቆስ ሰው ነበር፤ ሚስቱ አራስ ናት። በሁዳዴ ቅበላ ቅዳሜ ድንጋዩ አመለጠውና እግሩ ላይ አረፈ። ካፖው፣ ጣሊያኑን አለቃችንን እንዲያ ነበር የምንለው፣ ያበጠውን እግር አየና "የማይሸከም ሰው ምን ያደርግልኛል?" ብሎ አሰናበተው። "እጁ ደህና ነው፣ ተቀምጦ ድንጋይ ይጥረብ" ብለን በአስተርጓሚው በኩል ለመንነው። እጁን አወናጭፎብን ሄደ። ምን እናድርግ፣ ሰውየውን አዝለን ቤቱ አደረስነው።

ሰኞ ጾሙ ገባ። ስድስት ሰዓት ላይ የተንጠለጠለው ብረት ተመታ፤ እንደወትሮው የምሳ ፉርኖ ዳቦ ታደለን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስምና ፉርኖውን በየጋቢያችን ጫፍ ቋጥረን ተቀመጥን። ካፖው አገራችን ከገባ ገና ወሩም አልሞላ፤ ግራ ገባው።

"ለምን አይበሉም?" አለ።

"ጾም ነው" አለው አስተርጓሚው።

"እኔስ ክርስቲያን አይደለሁም? በጾም ዳቦ ይበላል" አለና ዞር ዞር ብሎ አየን። ከመካከላችን አንድ ወሎዬ እስላም ነበር፤ ጥግ ይዞ ሲሰግድ ካፖው አይቶታል። እሱም ፉርኖውን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ቁጭ ብሏል። "ይሄኛውስ?"

ወሎዬው ተነሳ። "ይሄ ሁሉ ሰው ሳይቀምስ እኔ ብቻዬን ላላምጥ? ነውር ነው እንጂ። እነሱ ሲበሉ እበላለሁ በልልኝ።"

አስተርጓሚው አንድ ቃል ሳያጎድል ነገረው። ካፖው ፊቱ ቀላ። ለሱ አድመናል ማለት ነው፤ መሪያችንም ይሄው ተናገረ። ካራቢኔሪ፣ የጣሊያን ፖሊስ፣ እንዳይጠራ ደግሞ የሱም አለቃ አለ፤ ቤቶቹ ቶሎ እንዲያልቁለት የሚፈልግ አለቃ።

"የዚያ ሰውዬ የእግሩ ነገር ነው ወይ ይላችኋል" አለን አስተርጓሚው።

አንዱ ግንበኛ "የምን እግር?" ሊል አፉን ሲከፍት ወሎዬው በክርኑ ጎሸመው። "እግሩም አሳዝኖናል በለው" አለ። ውሸት የለበትም። አንገታችንን ደፋን።

ካፖው ጥቂት ቀን ተንቆራጠጠ። በየቀኑ ፉርኖ ያድለናል፣ በየቀኑ እንቋጥራለን፤ የምንበላው ከሥራ ስንወጣ ነው። በመጨረሻ "በሉ ሰውየውን አምጡት፣ ይጥረብ" አለ። ከቂርቆስ በጀርባችን አዝለን አመጣነውና መዶሻና መሮ አስይዘን አስቀመጥነው።

ነገር የመጣው እንግዲህ ከዚህ በኋላ ነው። ስድስት ሰዓት ሆነ። ካፖው እጁን አጣምሮ ፊታችን ቆመ፤ የጠየቅነውን ሰጥቶናል፣ እንግዲህ ልንበላ ነው። እኛ ደግሞ ጾማችን ላይ ነን። ካልበላን ሰውየውን መልሶ ሊያባርረው ነው።

ያን ጊዜ እግረ ድውዩ ቀስ ብሎ "ለእኔ እንኳ ተፈቅዶልኛል" አለ።

"ምን ተፈቀደልህ?"

"መብላት። የንስሐ አባቴ እግርህ እስኪድን አትጹም ብለውኛል።"

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ አንተ ሰው?"

"እናንተ እያያችሁኝ እንዴት ልብላ?"

ወሎዬው ሄዶ ጎኑ ተቀመጠ። "ና ወንድሜ፣ ሁለት ከሆንን ነውሩ ይቀላል" ብሎ ፉርኖውን ቆረሰ። ሁለቱ በሉ፤ እኛ ምራቃችንን ዋጥን። ካፖው ባለጉዳዩንና የአድማውን መሪ ሲያላምጡ አየና፣ ነገሩ አለቀ ብሎ ወደ ቀን እንቅልፉ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በየቀኑ በካፖው ፊት መብላት ግዴታቸው ሆነ። ካፖው ምሳ ሰዓት ላይ ብቅ እያለ ወሎዬውን "ደህና?" ይለዋል፤ እሱም አፉን ሞልቶ ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቀን ሆዱን አመመውና ፉርኖውን ገፋው። ዙሪያውን ከበን "ስለዚህ ሰው እግር ብለህ አንዲት ጉርሻ" እያልን ለመንነው። "በረመዳን እንኳ እንዲህ አልተቸገርኩም" አለና ጎረሰ።

በፋሲካ የሰውየው እግር መሬት ረገጠ። ጠረባውን ግን ለምዶት ነበር፤ እጁም ተፍታቶ ነበር። እዚያው ተቀምጦ ቀጠለ። ካፖው በአጠገቡ ሲያልፍ ወደ እኛ አየት ያደርግና፣ ተነስና ተሸከም ሳይለው ያልፍ ነበር።